ማን ወሰደው? ወዴትስ?

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። መምህርቷ ዕድሜያቸውን በሙሉ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጉለሌ ውስጥ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ የሚኖሩ እናት ናቸው። ጠበቃው የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ ዘመዶቻቸው በታጠቁ ሰዎች ተወስደው ደብዛቸው የጠፋባቸው ቤተሰቦች አቤቱታ ያስጽፉታል። ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች ስለ ፖለቲከኞች አፈና እንዲናገር ተጋብዞ ጽሑፉን አስቀድመው እንዲያዩለት ሰጥቷቸው ነበር።

መምህርት፦ ጽሑፍህን አነበብኩት። ሕጉን አሳምረህ አስቀምጠሃል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። «አፈና» የምትለው ሽፍታ የሚያደርገውን ነው ወይስ መንግሥት የሚያደርገውን?

ጠበቃው፦ ሁለቱንም ነው እትዬ። መከራውም እሱ ነው። ቤተሰቦች ቢሮዬ መጥተው የሚነግሩኝ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። ማታ ነው ወይም ማለዳ። መኪናው ሰሌዳ የለውም። ሰዎቹ መሣሪያ ይዘዋል፤ አንዱ ሲቪል ለብሷል፣ ሌላው ፊቱን ሸፍኗል። ስማቸውን አይናገሩም፣ ወረቀት አያሳዩም። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝግ ነው። ሚስት ጣቢያ ለጣቢያ ትዞራለች፤ በየበሩ «እኛ ዘንድ የለም» ትባላለች። መንግሥት ያሰረው ይሁን ሽፍታ ያገተው አታውቅም። ማስለቀቂያ ገንዘብ ታሰባስብ ወይስ ጠበቃ ታቁም? እኔም ልመክራት አልችልም።

መምህርት፦ እንግዲያው እዚሁ ከደጃችን ጀምር። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስትወርድ የምታገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ማታ፣ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን አስጠሯቸው። እቴጌ መነን በጠና ታመዋልና ድረሱ ተባሉ። የታመመ ለመጠየቅ የመጣ ሁሉ ተያዘ። ጥሪው ከቤተ መንግሥት ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ትናንትም እዚያው የነበረው ነው። ማን ይጠረጥራል?

ጠበቃው፦ ያኔ እርስዎ ልጅ ነበሩ።

መምህርት፦ ልጅ ነበርኩ። ተኩሱን እዚሁ ሆነን ሰምተነዋል። ታጋቾቹ እስከ ታኅሣሥ 7 ቆዩ። ጦር ሠራዊቱ ግቢውን ሲያጠቃና መውጫ እንደሌለ ሲታወቅ በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ እንደታጎሩ ተኮሱባቸው። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ፣ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ፣ አባ ሐና ጂማ፣ ሌሎችም፤ አሥራ አምስት ያህል ሰው አለቀ። ራስ አበበ አምስቱን የጠላት ዘመን በዱር ተዋግተው ጥይት የሳታቸው አርበኛ ናቸው። በገዛ አገራቸው፣ በንጉሣቸው ቤት ሳሎን ውስጥ፣ መሣሪያ ሳይዙ ተገደሉ።

ጠበቃው፦ የታኅሣሡን ሰዎች ግን ብዙዎቻችን የለውጥ ጀማሪ አድርገን ነው የምናስታውሳቸው።

መምህርት፦ እኔም ለተማሪዎቼ እንዲያ እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ ዛሬም አልክድም። ገርማሜ ያነሳው የድሃ ገበሬ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ነገር ግን ለውጡን በእገታ ጀመሩት። ለእገታው ፍጻሜ ግን አላሰቡለትም። ዳኛ የለም፣ ክስ የለም፣ ቀነ ቀጠሮ የለም። የእነዚያ ሰዎች ሕይወት የተንጠለጠለው በአጋቾቻቸው ድንጋጤ ላይ ነበር፤ ድንጋጤው ሲመጣ አለቁ። ይህን በጽሑፍህ ውስጥ አላየሁትም። አንተ የምታየው ወሳጁ ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለውን ብቻ ነው። እኔ የምጠይቅህ ከተወሰደ በኋላ በሰውየው ነፍስ ላይ የሚያዝበት ማን ነው የሚለውን ነው።

ጠበቃው፦ ሕገ መንግሥቱ መልስ አለው እኮ። አንቀጽ 19፦ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል። አንቀጽ 21 ደግሞ ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዶቹ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። እስርን ከአፈና የሚለዩት እነዚህ ናቸው፤ ስም ያለው ወሳጅ፣ የታወቀ ቦታ፣ የተቆረጠ ሰዓት።

መምህርት፦ የታወቀ ቦታ ብቻውን አያድንም። ደርግ የረሸናቸውን ስልሳዎቹን ባለሥልጣናት አስብ። የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ጄኔራሎቹ፣ መኳንንቱ፤ አብዛኞቹ የት እንደታሰሩ ይታወቅ ነበር። ቤተሰብ ስንቅ ያመላልስላቸው ነበር። ደርግ የሚመረምራቸው ኮሚሽን ተቋቁሟል ሲል አገር ሁሉ ፍርድ ይጠብቅ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ማታ ወደ ከርቸሌ ተወስደው ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሬዲዮው በማግስቱ ሲናገር ለብዙ ቤተሰብ መርዶው ያ ነበር። ከእነዚያ መካከል ራስ አሥራተ ካሣ አሉ። ይህን ስም ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጠበቃው፦ ስለዚህ ሦስቱ ምልክቶቼ ያለ ዳኛ ዋጋ የላቸውም እያሉኝ ነው።

መምህርት፦ ዳኛው ራሱ እንዳይፈራ አድርገህ ነው ደግሞ። አሁን ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ልንገርህ። በጽሑፍህ ውስጥ ስማቸው በአንድ መስመር አልፏል፤ እንዲያ የሚታለፍ ታሪክ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ ደጋግሞ አስሯቸዋል፤ በ1971 መጀመሪያም፣ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻም ታስረው ተፈትተዋል። ከአገር የሚወጡበት መንገድ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ተመቻችቶላቸው እንደነበር ይታወቃል። ምእመኔን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971፣ ኡራኤል በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ቃለ እግዚአብሔር አስተምረው ሲወጡ፣ ሲቪል የለበሱ የታጠቁ ሰዎች ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር አፍነው ወሰዷቸው። እሳቸውን በአንድ በኩል፣ ባለቤታቸውን በሌላ በኩል። ወይዘሮ ፀሐይን መንገድ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲናን ከዚያ ወዲህ በሕይወት ያየ ቤተሰብ የለም።

ጠበቃው፦ እስር ቤት ሲያስሯቸው ኖረው ለምን ያንን ቀን አፈና መረጡ?

መምህርት፦ ሲታሰሩ ያሰራቸው ይታወቃል፤ ስለዚህ ኔሬሬም ሌላውም «ፍቱልን» ብሎ የሚጠይቀው አካል ነበር። ሲታፈኑ ግን የሚጠየቅ የለም። ሲቪል ልብሱ ለምን እንዳስፈለገ ገባህ? ሰውየውን ለመያዝ ከሆነማ የደንብ ልብስ በቂ ነበር። ሲቪል የለበሱት ከተያዙ በኋላ ጠያቂ እንዳይደርስባቸው ነው።

ጠበቃው፦ ይህን በጽሑፌ ውስጥ አገባዋለሁ።

መምህርት፦ አግባው። ቀጥሎ የሆነውንም አግባ። ወይዘሮ ፀሐይ ባለቤታቸው የት እንዳሉ ሳያውቁ እሳቸውም በ1972 ታሰሩ። ተገረፉ፤ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ሲፈቱም የባላቸውን ዕጣ የነገራቸው የለም። የቄስ ጉዲና አፅም የተገኘው ደርግ ወድቆ በ1984 ነው። የት መሰለህ? በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ውስጥ። የግቢውን ባለቤት ያለ ፍርድ ረሽነው፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ ግቢያቸውን ማሰሪያ፣ መግደያና መቅበሪያ አደረጉት። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ከመንበራቸው ተነሥተው ታስረው፣ በዚያው በ1971 እዚያው ነው የተገደሉት። አፅማቸው ከዚያ ወጥቶ ጎፋ ገብርኤል አረፈ። አንዱ የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ፣ አንዱ የመካነ ኢየሱስ ቄስ፤ ገዳዮቻቸው በአንድ አጥር ውስጥ ቀበሯቸው።

ጠበቃው፦ አሥራ ሦስት ዓመት። ያን ሁሉ ጊዜ ለቅሶ አልተቀመጡም ማለት ነው።

መምህርት፦ እንዴት ይቀመጣሉ? እኛ አገር ሞት ሥርዓት አለው። መርዶ ነጋሪው ማለዳ ይመጣል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ እድሩ ይሰበሰባል፤ ፍትሐቱ፣ ዐርባው፣ ተዝካሩ ይወጣል። ሰው ሐዘኑን የሚሸከመው በዚያ ሥርዓት ነው። የተሰወረ ሰው ሚስት ግን ጥቁር ብትለብስ ባሏን የገደለች ይመስላታል፤ ባትለብስ ጎረቤት ያያታል። ልጅ ሲዳር «አባት የት ነው?» ሲባል መልስ የለም።

ጠበቃው፦ በሕጉም ያው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 አንድ ሰው ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ካለፈው ጥቅም ያለው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይችላል ይላል። ቤቱን ለማስተዳደር፣ ጡረታውን ለማንሳት፣ ለልጆቹ ሞግዚትነት ይህ ወረቀት ያስፈልጋል። ሕጉ የተጻፈው ባሕር ለተሻገረ፣ ጦር ሜዳ ለቀረ ሰው ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡት እናቶች ግን ማመልከቻውን አዘጋጅቼላቸው ሲያበቁ አይፈርሙም። «ፈርሜ ልግደለው?» ይሉኛል። ስለዚህ ቤቱም፣ ጡረታውም እንደታገደ ዓመታት ያልፋሉ።

መምህርት፦ በዓሉ ግርማንም ጨምርበት። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን የነበረ ሰው ነው፤ ኦሮማይን በ1975 አሳተመ፤ መጽሐፉ ታገደ፤ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ ቃሊቲ መንገድ ላይ ተገኘች። እሱ ግን እስከ ዛሬ መቃብሩ እንኳ አልታወቀም። የደርግ ባለሥልጣናት ዓመታት በፈጀ ችሎት ተዳኝተው በታኅሣሥ 1999 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ። ያ ሁሉ ምስክር ተሰምቶ፣ ያ ሁሉ ሰነድ ተገልብጦ የበዓሉ መቃብር አልተገኘም።

ጠበቃው፦ በኢሕአዴግ ጊዜም የቀጠለ ነው። ደብተራው የሚባለውን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ጨምሮ በ1983 የተያዙት የኢሕአፓ መሪዎች የት እንደደረሱ ቤተሰባቸው አያውቅም። ተቃዋሚው ፖለቲከኛ አንዳርጋቸው ጽጌ ደግሞ ሰኔ 16 ቀን 2006 የመን፣ ሰነዓ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዞ ለኢትዮጵያ ተላልፎ ተሰጠ፤ የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዞ። ይህን ያህል የታወቀ ሰው እንኳ መያዙ የተነገረው ከቀናት በኋላ ነው። እሱ ግን በ2010 በሕይወት ወጣ። ስሙን ሳያሰልሱ የሚጠሩ ቤተሰብና ወዳጆች ለንደን ላይ ነበሩት።

መምህርት፦ ወደ አሁኑ ና። የምትፈራው እሱን መሰለኝ።

ጠበቃው፦ አልፈራም፤ በልክ መናገር ስላለብኝ ነው። የኦነግ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ ጉለሌ ነው፤ ስለዚህ የሰፈራችን ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። አቶ አብዲ ረጋሳን ጨምሮ ሰባት የድርጅቱ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከ2012 ጀምሮ፣ ፍርድ ቤት እንዲፈቱ ካዘዘ በኋላም ሳይለቀቁ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲዘዋወሩ ኖሩ። አንዳንዶቹ የት እንዳሉ እንኳ ያልታወቀበት ጊዜ ነበር። የተፈቱት በ2016 ማብቂያ ላይ ነው። ሌላው የድርጅቱ ሰው አቶ በቴ ኡርጌሳ ግን ያን ቀን አላዩም። በየካቲት 2016 አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ከአንድ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ጋር ሳሉ ተያዙ፤ በዋስ ወጡ፤ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ መቂ ሄዱ። ሚያዝያ 1 ሌሊት ካረፉበት ሆቴል ታጣቂዎች ወሰዷቸው። በማግስቱ አስከሬናቸው ከመንገድ ዳር ተገኘ። ቤተሰባቸው ወሳጆቹ የመንግሥት የጸጥታ ሰዎች ይመስላሉ አለ፤ የክልሉ መንግሥት እጄ የለበትም አለ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አፋጣኝ፣ ገለልተኛና የተሟላ ምርመራ ይደረግ ብሎ ጠየቀ።

መምህርት፦ አንተስ ማን ነው ትላለህ?

ጠበቃው፦ ያልተረጋገጠ ነገር ከአፌ አይወጣም እትዬ። ግን ይህን እላለሁ፤ መንግሥት ሰው የሚይዘው ሁልጊዜ በደንብ ልብስ፣ በወረቀትና በስም ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሌሊት ሆቴሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እነዚያ ሰዎች አፋኞች መሆናቸውን ወዲያው ያውቅ ነበር። ይጮህ ነበር፣ ፖሊስ ይጠራ ነበር። መንግሥት አንዳንዴ እንደ ሽፍታ ስለሚይዝ፣ ሽፍታው ሁልጊዜ መንግሥት መስሎ ያልፋል። ኮሚሽኑ ግንቦት 28 ቀን 2015 ባወጣው መግለጫ በተለይ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ሰዎችን አስገድዶ የመሰወር ድርጊት እንደሚያሳስበው ሲናገር ይህን በር ዝጉ ማለቱ ነው። አልተዘጋም።

መምህርት፦ የአጋቾቹን ነገር ግን አትርሳ። ሁሉን መንግሥት ላይ ጭነህ ብትሄድ ከአዲሱ ገበያ ተሳፍሮ ጎጃም የሚሄድ ሰው አይሰማህም። ሱሉልታን አልፎ፣ ፍቼን አልፎ፣ በየት በኩል ይመጡብኝ ይሆን እያለ ነው የሚጓዘው። ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ ገርባ ጉራቻ አካባቢ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ከ100 በላይ መንገደኞች ታግተዋል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። የደምቢ ዶሎዎቹ ተማሪዎች በኅዳር 2012 ታግተው እናቶቻቸው እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ። በየወረዳው የታገተውና የተገደለው ሹምስ? እሱም ልጅ አለው፤ እሱም እናት አለው።

ጠበቃው፦ ልክ ነው፤ የወረዳ አስተዳዳሪውም በጽሑፌ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ፖለቲከኛ ማለት ተቃዋሚ ብቻ አይደለም። ግን አንድ ልዩነት አልተውም። አጋቹ ሕግ ጠብቄያለሁ ብሎ አያውቅም። ደመወዙን ከእኔ ግብር የሚያገኘው ግን ሕግ አስከብራለሁ ብሎ የማለ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የሞሮኮውን ተቃዋሚ መህዲ ቤን ባርካን ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ያስቆሙት እውነተኛ የፈረንሳይ ፖሊሶች ናቸው። መታወቂያ አሳዩት፣ አምኖ መኪናቸው ውስጥ ገባ፣ ለወንበዴዎች አስረከቡት። አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጉዳዩ ፈረንሳይን ለዓመታት ያናወጠው አንድ የውጭ ሰው ስለጠፋ ብቻ አልነበረም። ፓሪሳዊው ከዚያ ወዲያ የፖሊስ መታወቂያ ቢያሳዩት ማመን ተቸገረ።

መምህርት፦ ፍርድ ቤት ስትሄዱስ ምን ይሏችኋል? አካልን ነፃ ማውጣት የምትሉት አለ አይደል?

ጠበቃው፦ አለ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 ጀምሮ ያዛል። አቤቱታው ከቃለ መሐላ ጋር ይቀርባል፤ ሰውየው በማን እጅ እንዳለ፣ የት እንደተያዘ፣ የሚያውቁ ምስክሮች እነማን እንደሆኑ ይገለጻል። ዳኛው የያዘውን አካል ከእነ ሰውየው ይጠራል። መልካም ሕግ ነው። ግን ሕጉ አሳሪው ስም አለው ብሎ ተነሥቷል። እኔ አሳሪውን ካላወቅሁ ማንን ልጥራ? ለፌዴራል ፖሊስ እጽፋለሁ፣ «በእኛ እጅ የለም»። ለክልሉ እጽፋለሁ፣ «በእኛ እጅ የለም»። ሁሉም ክዶ ሲያበቃ መዝገቡ ይዘጋል። ቄስ ጉዲናን ሲቪል ለብሰው የወሰዱበት ምክንያት እኔ ችሎት ፊት ስቆም ዛሬም ይሠራል።

መምህርት፦ ታዲያ ማስረጃው ያለው ማን ዘንድ ነው? ያየው ሰው ዘንድ ነው። የዱሮውን ታውቃለህ? ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ፣ አንዱ ሌላውን ሊያንገላታ ሲል፣ ተበዳዩ «በሕግ አምላክ!» ይላል። መንገደኛው ይቆማል። መንገደኛው የመንገድ ዳኛ ይሆናል፤ ነገራቸውን ሰምቶ፣ ካቃተው አብሯቸው ሄዶ ዳኛ ፊት ያቆማቸዋል። አላየሁም ብሎ ማለፍ ነውር ነበር። ጥፋተኛው ካልታወቀ ደግሞ አገሩ ለአፈርሳታ፣ ለአውጫጭኝ ይቀመጣል። የሚያውቅ በምስጢር ይናገራል፤ «ወፍ» ይሉታል፤ ስሙ አይወጣም።

ጠበቃው፦ አፈርሳታም በደል ነበረበት እኮ። ንጹሑን ገበሬ ከሥራው አስቀርተው አገሩን ሙሉ ያስቀምጡት ነበር፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሰው ለመገላገል ብሎ ያልሆነ ስም ይጠራል።

መምህርት፦ በደሉን አልሸሽግም፤ መልሱት አላልኩህም። አንዱን ነገሩን ግን ውሰድ፤ በሰፈርህ የጠፋ ሰው የሰፈርህ ጉዳይ ነው። ዛሬ ሰው በሃያ ሰው ፊት ሲጫን ሃያውም በሩን ይዘጋል። አልፈርድበትም፤ ልጅ አለው። ቀስ ብሎ ግን ሰዓቱን መጻፍ ይችላል። የመኪናውን ዓይነትና ቀለም፣ ወዴት እንደዞረ፣ ሰዎቹ በምን ቋንቋ እንደተነጋገሩ። ጽፎ ለቤተሰቡ ቢሰጥ፣ ለኮሚሽኑ ቢሰጥ፣ ዛሬ ባይረባ ከአሥር ዓመት በኋላ ይረባል። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በተሰየመው ችሎት ከተሰማው ማስረጃ አንዱ በዓይኑ ያየ ሰው ምስክርነት ነው።

ጠበቃው፦ ከአሥር ዓመት በኋላ ካሉ ዘንድ፣ ብዙ የሕግ ባለሙያ የሚዘነጋውን አንቀጽ ልንገርዎት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ሰውን አስገድዶ መሰወርን በሰው ልጆች ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች ጋር ይቆጥረዋል። በይርጋ አይታገድም፤ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፍም። ይህን የጻፉት ሰዎች ከደርግ መቃብር ላይ ገና አፈሩ ሳይደርቅ የተነሡ ናቸው። ሰውን ሁሉ ከአስገድዶ መሰወር የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ በ2010 ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያ እስካሁን አልተቀበለችውም። ብትቀበል የታሳሪዎች ሁሉ መዝገብ መያዝ ግዴታዋ ይሆናል። ለእኔ ትልቁ ነገር ያ መዝገብ ነው። አንዲት እናት ወደ አንድ ቢሮ ሄዳ የልጇን ስም ጠርታ «አለ» ወይም «የለም» የሚል፣ በፊርማና በማኅተም የጸና መልስ ብታገኝ፣ ውሸቱ እንኳ ባለቤት ይኖረዋል፤ የፈረመው ሰው ይጠየቃል።

መምህርት፦ ይህን መጀመሪያ ላይ አድርገው። ጽሑፍህን ከሕጉ ቁጥር አትጀምር። ከእናቲቱና ከመዝገቡ ጀምር። ከዚያ ለዳኞቹ ንገራቸው፤ «የለም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ መዝገቡን አይዝጉ። የጻፈውን ሰው ያስቀርቡ፤ በአካል፣ በመሐላ። ለፖሊሶቹ ንገራቸው፤ ፊት መሸፈን ከሽፍታ ጋር ያመሳስላችኋል በላቸው። ለታጣቂዎቹም ንገራቸው፤ እኛ ነፃ አውጪ ነን ካሉ ሰው አግተው ገንዘብ መጠየቅ ከነፃ አውጪነት አይቆጠርም።

ጠበቃው፦ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። እውነት ማፈላለግም አለበት፤ ክስም አለበት። ስለ እሱስ ምን ልበል?

መምህርት፦ ከትናንት ወዲያ ያለውን አይዝለል በል። ከ1953 ጀምሮ እያንዳንዱ መንግሥት የቀደመውን መቃብር ቆፍሮ የራሱን ሸሽጓል። እውነቱን ለማወቅ ሁልጊዜ መንግሥት እስኪወድቅ መጠበቅ የለብንም። አሁን በሥልጣን ላይ ያለው በራሱ ዘመን የተሰወሩትን ራሱ ይናገር። ሌላም ልበልህ፤ ይህን በራሴ ስም ብትጽፈው ደስ ይለኛል። የዚያን ጊዜ ሾፌሮች፣ ዘበኞች፣ ቀባሪዎች፣ ትእዛዝ የጻፉ ጸሐፊዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ሸምግለዋል። የበዓሉ ግርማን መቃብር የሚያውቅ፣ የእነ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን መጨረሻ የሚያውቅ፣ አቶ በቴን ያን ሌሊት የወሰደውን የሚያውቅ ሰው ይህን ካነበበ፣ ለንስሐ አባቱ ብቻ ነግሮ አይሙት። ለቤተሰባቸው ይንገር። ስሙን መግለጽ ቢፈራ ወረቀት ላይ ጽፎ ከበራቸው ሥር ያስገባላቸው።